ከቀብሩ ውሰድ

ወር በገባ በሦስት ጡረታዋን ይዛ፣
ከባንክ ስትመለስ ምንም ሳትገዛ፣
ትሰየም ነበረ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ፤
እናቴ ዴኦሊንዳ፣ የሴቱባሏ ሴት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት
ከሳርዲኑ ጋራ ቆርቆሮ ውስጥ ገብታ የታሸገች ሕይወት።

ዩሮውን ትቆጥራለች አውራ ጣቷን ልሳ፣
ወደ ፊት ስትጨርስ ወደ ኋላ መልሳ፣
ገንዘብ መሐል መንገድ የሚወልድ ይመስል፤
እኔ በሩን ይዤ «ያው ነው፣ እማ!» ስል።

ፖስታ እንኳ አትገዛም፤ የውኃ የመብራት ሂሳብ የመጣባቸው፣
ገልብጣ በሙጫ እንደገና አዲስ አደረገቻቸው።
በላያቸው በእርሳስ (ቀለም አይታመንም፣ አይፋቅም ከጻፉት)፣
ኪራይ። መብራት። ጋዝ። ዳቦና ዓሣ። መድኃኒት።
ስድስተኛው፦ ቀብር።
«የእኔን ሬሳ ማንም በዱቤ አያስቀብር።»

ገበያው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ዓሣ ትገዛለች፣
ሻጩ የበረዶውን ውኃ ሲደፋ ጠብቃ፤
ሾርባው ሳይበስል እሳቱን ታጠፋለች፣
«ድስቱ የተበደረውን ሙቀት ይክፈል» ብላ፣ በፎጣ ጠቅልላ ደብቃ።
የጥርስ ሳሙናውን ሆዱን በመቀስ ትተረትራለች፣
ለሦስት ቀን የሚሆን አለ የተደበቀበት፤
የደረቀ ዳቦ በነጭ ሽንኩርት፣ በወይራ ዘይት፣ በፈላ ውኃ
ታስነሣዋለች ከሞተበት።
መብራት የሚረክሰው እኩለ ሌሊት ነው፤ ያኔ
ልብስ ማጠቢያዋን ታስነሣለች፤
ጎረቤት ቤርናርዲኖ ግድግዳ ሲደበድብ
በመጥረጊያ እንጨት «ደህና እደር» ትመልሳለች።

እኔ? አፍሬባታለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ
ከግራሲንዳ ጋር ሳልፍ፣
ለአሥር ሳንቲም ቆማ ስትከራከር እናቴ፣
የማላውቃት መሰልኩ።
ያችን አሥር ሳንቲም ግን እኔው ነኝ የበላኋት።

ኋላ ሊዝበን ገባሁ። ሥራ፣ ካርድ በኪሴ፣
አምና የበላሁትን እራት ዘንድሮ ስከፍል ዕዳ ሆነ ልብሴ።
አንድ ዝናባም እሑድ መጣሁ ተሸማቅቄ፤
«ስንት ነው?» እንጂ «ለምን?» አላለችም፤ ነገርኳት ተሳቅቄ።
የብስኩት ቆርቆሮዋን ከመደርደሪያው አወረደች፤
ኪራዩን ነካችው፣ ተወችው፤ መድኃኒቱን ነካችው፣ ተወችው፤
ስድስተኛው ላይ ቆመች።
«ከቀብሩ ውሰድ። ለመሞት አልቸኮልኩም።»
ከጀርባው ስሜንና ዕዳዬን በእርሳስ ጻፈች፤
«ስትመልስ በላጲስ እፍቀዋለሁ። እስከዚያ ዘመድ አይደለንም።»

ከቆርቆሮው ሥር ግን ሌላ አየሁ፣ ሰባተኛ፤
ምንም ያልተጻፈበት፣ አሥር ዩሮ ያለበት።
ምንድነው ስላት ክዳኑን ገጠመች።

ሐሙስ ዕለት ከወደቡ፣ ከአንድ የአትክልት መኪና ጀርባ
ተደብቄ አብሬያት ተሳፈርኩ። ጀልባው
የሳዶን ወንዝ አቋርጦ ትሮያ ደረሰ። ሰው ወረደ።
እሷ አልወረደችም፤ ከወንበሯ ሳትነሣ
በዚያው ጀልባ ተመለሰች፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ነፋሱ ቀሚሷን እየነፋ፤
ዶልፊን ይሁን ማዕበል ብቻ አንድ ነገር አይታ
ለብቻዋ ሳቀች።

«ለምንድነው?» ብዬ ማታ ስጠይቃት፣
«ለምንም» አለችኝ። «ለምንም የሚሆን ያልመደበ ሰው
ከዳቦው ላይ ይሰርቃል።» ሌላ ቃል አልወጣት።

በአሥራ አራት ወር ከፈልኩ። ስሜን ፈቀችው፣ እፍ ብላ፣
የላጲሱን ፍርፋሪ ሳይቀር ከጠረጴዛው በመዳፏ ጠቅልላ።

ትናንት ደወለች። ልብስ ማጠቢያው ቆሟል፤
ቤርናርዲኖ እንኳ «ዝምታው እንቅልፍ ነሣኝ» ብሏል።
ጠጋኙ ሰማንያ ዩሮ ጠይቋታል።
«ከየት ልታወጪ ነው?»
በስልኩ ውስጥ የቆርቆሮው ክዳን ሲነሣ ሰማሁ፣
ቀጥሎ የወረቀት ኮሽታ።
«ከየት ይሆናል?» አለች፤
«ቀብሩ ዘንድሮም ሊቀር ነው።»