ጣራው አያፈስም

ጥር ነው፣ ቶድመርደን። ከቦዩ ማዶ፣
ድንጋይ ቤት ከድንጋይ ቤት ጎን ለጎን ተጋምዶ፣
ዳገቱን ይዞታል፤ መቶ ዓመት አልፎታል፤
ቀድሞ የሸማኔ፣ ዛሬ የጡረተኛ መንደር ሆኖ ቀርቷል።

«ጣራዬ ያፈሳል» አሉኝ ዶሪን ክራብትሪ፣ ሰማንያ አልፏቸው፤
ባልዲና ጎድጓዳ ሳህን ተደርድሯል ከራስጌያቸው።
«ሦስት ሰው አስጠራሁ፤ ሦስቱም ገንዘብ በሉ፤
አንዱ ከጭስ ማውጫው፣ ሁለቱ ከድንጋዩ ነው አሉ።»
ሰማዩን አየሁት፤ ጥርት ያለ ውርጭ ነው፤
ሳምንት ሙሉ አልዘነበም፤ ጠብታው የማነው?

መሰላል ዘረጋሁ፤ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
በጠባቧ መክፈቻ ወደ ቆጡ ወጣሁ፣ ትንፋሼን ቀንሼ።
(«የቆጡን አወርድ ብላ…» የሚሉት ትዝ ቢለኝ፣
መዶሻዬን ከብብቴ አውጥቼ «እሜቴ፣ ይያዙልኝ!»)

ባትሪው ሲያርፍባቸው፣ የምስማሩ ጫፎች ሁሉ
አንዳንድ የጤዛ ፍሬ አንጠልጥለው ያበራሉ።
ወራጁ ጠቁሯል፤ ጣቴን ስጭነው እንደ ዳቦ ገባ፤
ሻጋታው ነጭ ነው፣ ስስ፣ የሸረሪት ካባ።
አሮጌ ሻንጣ አለ፤ የገና ዛፍ በከረጢት፤
ሁሉም ወዝቷል፣ እንደ በሽተኛ ግንባር በሌሊት።

ከላይ ሆኜ ጮህኩ፦ «እሜቴ፣ ጣራው አያፈስም!
የሰማይ ውሃ መቼም ከሥር ወደ ላይ አይፈስም።
ከታች ነው የወጣው፦ ከማንቆርቆሪያው፣ ከገንዳው፣
ማሞቂያው ላይ ካሰጡት ፎጣ፣ ከሾርባው፤
ከእርስዎም ትንፋሽ ነው፣ ሌሊት ከሚወጣ፤
ቀዝቃዛው ድንጋይ ጋ ደርሶ መንገድ ሲያጣ፣
ዞሮ ለባለቤቱ ውሃ ሆኖ መጣ።»

ከታች ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ትንፋሼ?» አሉ፤ «የኔ?
ይህን ሁሉ ውሃ የሚያወጣ አለኝ እንዴ ወኔ?»

ወደ ዳር ተሳብኩ፣ በእንብርክክ፣ በሆዴ፤
ጣራና ግድግዳ የሚጋጠሙበት፣ ንፋስ መግቢያው፣ ተደፍኗል በዘዴ፦
የተጠቀለለ ጋዜጣ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሹራብ እጅጌ፣
በቢላ ጫፍ ተጠቅጥቆ፣ ብርሃን እንዳይገባ በግርጌ።
ጋዜጣው ላይ ቀኑ አለ፦ የካቲት፣ ሰባ ዘጠኝ።
መምዘዝ ስጀምር፣ «ቆይ!» የሚል ድምፅ አገኘኝ።

«አርኖልድ ነው» አሉ። «ያን ክረምት ብርድ ሳንባዬን መትቶኝ፣
ሦስት ሌሊት ቆጡ ላይ አደረ፣ ሞቅ ያለ አልጋ ላይ ትቶኝ።
አንዲት ቀዳዳ አላስቀረም፤ ካልሲው የራሱ ነበረ።»
በእጄ ያዝኩት፤ ተረከዙ የተጣፈ፤ አርባ ዓመት ውሃ ሲጠጣ ኖረ።

ምን ይባላል? ፍቅር ነው ጣራውን ያበሰበሰው?
እንዲህ ተብሎ ይነገራል ወይ ሰማንያ ላለፈው ሰው?
እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ የድንጋይ ቤት ሲያረጅ፣
ሙቀት ብቻ አይበቃውም፤ ይሻል ለንፋስም ደጅ፣
አንድ በዚህ፣ አንድ በዚያ፤ ገብቶ ሳያድር የሚሄድበት።

ብዙ ቆዩ። ሁለት እርከን ወጥተው፣ ነጭ ጠጉራቸው ብቅ አለ፤
«አውጣው» አሉኝ፤ «እሱ ቢሆን ራሱ አውጥቶ በጣለ።
ካልሲዎቹን ግን ስጠኝ። ይታጠባሉ።»

ከሰዓት በኋላ፣ በየወራጁ መካከል፣
የመስታወት ሱፉን ከዳር ሳብኩ፣ አንድ ስንዝር ያህል፤
ወፍና አይጥ እንዳይገቡ ወንፊት ሽቦ መታሁ፤
የመክፈቻዋን ከንፈር በጎማ ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁ።
ከታች መዝጋት፣ ከላይ መክፈት፤ ሌላ ጥበብ የለም።
ለመታጠቢያው ቤት ማራገቢያ፤ ፎጣም ከእንግዲህ ውስጥ አይሰጣም።
የመጨረሻውን ጋዜጣ ስመዘው፣ ሰተት ብሎ ገባ ነፋስ፤
የሸረሪቱ ድር ተነፋ፣ ያ ሁሉ ቆጥ ሲተነፍስ።

በመጋቢት ተመለስኩ። ባልዲው የለም ከራስጌ።
ጓሮ፣ የልብስ ገመድ ላይ፣ ሁለት ካልሲ፣ አንድ እጅጌ፣
ንፋስ እየሞላቸው በአየር ላይ ይራመዳሉ።
ዶሪን ሻይ ቀድተው ስለ አርኖልድ ያወራሉ፤
ያወራሉ፣ ያወራሉ። ልጃቸው ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብላ፣
«አሥራ አንድ ዓመት» አለችኝ፣ «ስሙን አንስታ አታውቅም፣ ትንፍሽ ብላ።»

ወጥቼ ወራጁን ጫንኩት፤ ጣቴን መለሰው፤
የቀረው የእንጨት ሽታ ነው፤ ሻጋታውን አየሩ ጨረሰው።
ጥግ ላይ፣ በአንድ ምስማር ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ አየኋት፤
ልጠርጋት እጄን ዘርግቼ፣
ለንፋሱ ተውኳት።