ቁልፉ እኔ ጋ ነው

ከምሽቱ አራት ሰዓት። ኮሪደሩ ባዶ።
በመስኮቱ ግርጌ የጠጠረ በረዶ።
የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ይመታል፤
ወርዚንግተን ከተማ በጊዜ ቤት ገብቷል።
ወገቤ ላይ ያለው የቁልፍ ዘለላ
የጂሙ፣ የቢሮው፣ የምግብ ቤቱ፣ ሌላም ሌላ፤
አንዷ ግን አዲስ ናት፤ ከጥቅምት ወዲህ የታሰረች፤
ቦይለሩ ክፍል ውስጥ የሽቦ በር የቆለፈች።

ሠላሳ አንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓይነት ልባስ፤
ሽፋኑ ላይ የጣውላ ፋብሪካ፣ ጢስ፣ ከሲታ ፈረስ።
ደራሲው ከሞተ ሰባ ዓመት አልፎታል፤
"ክላሲክ ነው" ይላሉ፤ ክላሲክ አይሞትም ይባላል።

ሚስ ሊንድክቪስት ሃያ ዓመት አስተምራዋለች።
ዘንድሮም እንደ ልማዷ በየተራ አስነበበች።
ተራው ኮርዴል ጋ ደረሰ፣ ከኦማሃ የመጣው ልጅ፤
ቃሉ እዚያ መስመር ላይ ቆሟል፣ እንደ ዘበኛ በደጅ።
ልጁ ዝም አለ።
ሃምሳ ዓይን ዞረበት።
መጽሐፉን ከደነ፣ ጃኬቱን አጠለቀ፣
ደወል ሳይደወል በጓሮ በር ዘለቀ።

ለስብሰባው ወንበር የደረደርኩ እኔ ነኝ።
"ታሪክ አይደበቅም!" አለ አንዱ፤ እውነቱን ነው አሰኘኝ።
"የልጅ ቁስል መማሪያ አይደለም!" አለች አንዷ፤
እሷም እውነቷን ነው።
የኮርዴል እናት ከቄራው መጣች፣ የሥራ ቦቲዋን ሳታወልቅ።
ሦስት ደቂቃ ሰጧት።
አንዱን ደቂቃ ዝም አለች።
"ይሄም ከጊዜዬ ይቆጠር" አለች።
አራት ለሦስት ተወሰነ፤ "እስኪታሰብበት ይቀመጥ" ተባለ።
በጋሪ ገፍቼ ቆለፍኩት።
ማሰቡ ግን ማን ላይ ወደቀ?

በእራት እረፍቴ ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፤
በቀን አራት ገጽ፣ በስልኬ መዝገበ ቃላት እየተመረኮዝኩ።
ውስጡ አንድ የሌሊት ጠባቂ አለ፤ ሁሉም በዚያ ቃል ይጠራዋል።
ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣
ሰጋቱራው ላይ በጣቱ ስሙን ይጽፋል፤
ባለ ፋብሪካው ሳያይ ይረግጠዋል።
ደራሲው ስሙን አልነገረንም።
አፍሮ ይሁን፣ አውቆ ይሁን፣ ወይ እሱም ሳያውቀው፣
አራቴ ተመልሼ አነበብኩ፤ አላገኘሁትም።

ልጄ ማኅደር አሥረኛ ክፍል ናት፣ ከኮርዴል ጋር።
"አባ፣ በአማርኛ እንዲህ ያለ ቃል አለ?"
"የለም" አልኳት፣ ምላሴ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ።

አለ።
ሦስት ፊደል ነው።
አባቴ ግቢ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ነበረ፤
በዚያ ቃል ተጠራ፣ በዚያ ቃል አቤት አለ፣ በዚያው ተቀበረ።
ቄሱ "የክርስትና ስሙ ማነው?" ሲሉ
እናቴ አባቴን አየች፤
አባቴ ከዘራውን አየ።
አሥር ዓመቴ ነበር። እኔም በዚያው ነበር የምጠራው፣
ከሰገነት ላይ ሆኜ፣ ውሃ አምጣ እያልኩ።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።
"ጻፈው" የሚልም፣ "ሰርዘው" የሚልም ቦርድ ውስጤ ተሰብስቧል፤
ድምፁ እኩል ለእኩል ነው።

ማኅደር ማለት የመጽሐፍ ልብስ ነው፣ ቆዳ፣ ማንገቻ ያለው፤
ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ባዶውን ማንገብ ለምኑ ነው?

ዛሬ ቆጠራ ነበር። ሠላሳ ብዬ ፈረምኩ።
አንዱ ከጓንቴ ሥር ነው፣ ገጹ እንደታጠፈ።
መኪናው እስኪሞቅ ቁጭ ብያለሁ፤
መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለብሷል።
የዚያን ሰውዬ ስም ልጽፍለት ጣቴን አነሣሁ፤

ጣቴ ቀዘቀዘ።