በግራ በኩል

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፤ መብራት ደስ ሲለው ሲመጣ፤
ከሥር ሲኖትራክ ያጓራል፣ አሸዋ ጭኖ ሲወጣ።
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ምሳ በተነሳበት ጠረጴዛ፣
አየርላንድ ተዘርግታለች፣ ጫፏን በጨው ዕቃ ተይዛ።

«ዘርጋው» ብለው ስም ሲያወጡለት እናቱ ምን አስበው ይሆን?
ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስጠራው ያንኑ ስሙን፣
አንድም ቀን ካርታ ሲዘረጋ አላየሁም።
መንገዱን በፍሬኑ ነበር የሚያውቀው፤
አዋሽን በሽታ፣ ሚሌን በሙቀት፣ ጋላፊ በወረፋ ሲጠብቀው።

የተሳቢውን ቁልፍ ላሠሪው ባስረከበ በወሩ፣
እራት ላይ፣ ሳይታሰብ፣ ወጣ ነገሩ፦
«ባሕር እኮ አይቼ አላውቅም።»
«ጂቡቲስ?» አልኩት።
«ጂቡቲ ያየሁት ክሬን ነው፣ ሰነድ ነው፣ ማኅተም ነው፤
ከኮንቴይነሩ ኋላ ሰማያዊ ነገር ነበር፤ እሱን ማን ልብ አለው?»

የእህቱ ልጅ ሲፈን ናት፣ ጎልዌይ የምትማረው፣
በቴሌግራም፣ በድምፅ፣ ነገሩን የምታብራራው፦
«መኪናዋ ትንሽ ትሁን፣ ማርሿም አውቶማቲክ ይሁን፤
መንገዱ ቀጭን ነው፣ ድንጋይ አጥሮታል ግራ ቀኙን፤
ትራክተር ከመጣ ወደ ኋላ፤ በግ ከተኛ፣ መጠበቅ፤
ዝናብም በቀን አራቴ ነው፤ ከች ይላል፣ ግን አይዘልቅ።»

ዘርጋው ሰማ፤ ደግሞ ሰማ፤ ጢሙን እየቆነጠረ፤
«አውቶማቲክ?» አለ። ሰው ስሙን ያጠፋበት ይመስል ፊቱ ጠቆረ።

የጭነት መመዝገቢያ በነበረው ደብተር፣ በእርሳስ፣ ጀመረ፦
«ቀን አንድ፦ ከኮርክ ኪንሴል። ኪሎ ሜትር ሠላሳ።»
ሳቅ ገደለው። «ይሄንንማ አህያ ይቀድመዋል፣ ምሳ በልቶ ቢነሳ!»
«ቀን ሁለት፦ ባንትሪ። ቀን ሦስት፦ ዲንግል፣ እዚያ ማደር።
ቀን አራት፦ ምንም።»
ጽፎ ቆመ። ቃሉን እንደ እንግዳ ሰው ያየው ነበር።
ምንም የሚባል ቀን በሕይወቱ መዝግቦ አያውቅ፤
አሠሪ የማይደውልበት፣ ጭነት የማይራገፍበት፣ ኬላ የማይጠብቅ።

ችግሩ ግራው ነው። እዚያ አገር ሰው በግራ ነው የሚነዳው፤
«ግራ ገባኝ» ማለት ምን እንደሆነ፣ ባሌ ገና አሁን ነው የተረዳው።
እሁድ ጠዋት፣ ከብሎኩ ኋላ፣ ግንባታ ከቆመበት ሜዳ፣
የአቶ ጠናውን ቪትስ ተዋሰ፤ ሠላሳ ቶን ሲነዳ የኖረ፣ ቪትስ ሊነዳ!
ድንጋይ ደርድረን አደባባይ ሠራን፤ እኔ ቆሜ መሐሉ፣
«ግራህን! ግራህን!» እላለሁ፤ ልጆች ከኋላ እየተከተሉ፣
አንዱ ፊሽካ ነፋ፤ አንዱ ቅጣት ጻፈለት በወረቀት፤
የጎረቤት የበዓል በግ ቆሞ አየው በንቀት።
አራቴ ተሳሳተ። በአምስተኛው ዞረ፤
ያለ ምክንያት ጥሩንባ ነፍቶ ሰፈሩን አሸበረ።

ማታ፣ ጣቱን በካርታው ዳር እየጎተተ፣
«መሪው በቀኝ ነው እዚያ፤ አንቺ በግራ ነሽ፤ ባሕሩም በአንቺ በኩል ነው» አለ፣
እስከ ጎልዌይ።
እንዲሁ ነው ያለው፤ እኔ ግን ዝም አልኩ።

ሃያ ሰባት ዓመት ከጎኑ ያለው ወንበር የረዳቱ ነበር፤
የሸራ፣ የክሪክ፣ የጀሪካን፣ ሲመለስ የከሰል ነበር።
እኔ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ ወጥ የማሞቅ ነኝ።
ግራ ክንዱ ዛሬም ከቀኙ ይጠቁራል፤
በመስኮት የተደገፈው፤ ፀሐዩን እሱ ብቻ ያውቀዋል።
እና እዚያ፣ በዚያ ግልባጭ አገር፣
የእሱ ወንበር ለእኔ ሊደርሰኝ ነው፤ መሪ የለውም፣ መስኮቱ ግን ያው።
እሱ ዓይኑ ከመንገድ አይነቀልም፤
ባሕሩን ታዲያ
እኔ ነኝ የምነግረው።

ቪዛው ገና ነው። ሊከለክሉንም ይችላሉ።
ዕቁቡም የሚወጣው ለኅዳር ነው፤ ዕጣውም ለኛ ከሆነ።
ሲኖትራኩ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዘርጋው አንኮራፋ።
የጨው ዕቃውን አነሳሁና፣ ደብተሩን ሳብ አድርጌ፣
ከ«ቀን አራት» ሥር፣ በእርሳሱ፣
«ቀን አምስት» ብዬ ጻፍኩ፤
ከጎኑም፣ «ምንም»።