ሆደ ሰፊ

ሃያ ሰባት ዓመት፣ ከጨርቃ ጨርቁ ግቢ፣ ማቅለሚያ ክፍል ቆሜ፣
ከክሩ ጋር አብሬ፣ ጥፍሬን አስቀልሜ፣
ጨርቅ ሲጠማው አውቃለሁ፣
ሲጠጣ እሰማዋለሁ፣
ሲረካ እለየዋለሁ።

ከደሴ ፒያሳ፣ በአይሱዙ ጫንቃ፣
በብርድ ልብስ ታስራ፣ በገመድ ተጨንቃ፣
የሐረጎን ቁልቁል፣ ስትወርድ ውላ፣
ከደጄ ደረሰች፣ ሙሽራ መስላ።
ልጄ ሙህዲን ነው የገዛት።

«አባባ፣ ራሷ መዝና ነው፣ ውሃ የምትቀዳው፣
አንድ ጠብታ እንኳ፣ አይባክን ከጓዳው።»
ሻጩ ያስጠናውን፣ አንድ ቃል ሳይረሳ፣
ያነበንብልኛል፣ ልክ እንደ ደረሳ።

በሯ በደረቷ፤ ክብ፣ የመስታወት፤
በጉልበቴ ወርጄ፣ አየሁ በትዕግሥት።
ጋቢዬ ሲንከባለል፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣
ከታች የተኛው ውሃ፣ አይሞላም አንድ ጣሳ።
«ውሃው የታለ?» ብል፣ ምራቴ ረምላ ሳቀች፤
ማሽኗ ግን ሥራዋን፣ ዝም ብላ ቀጠለች።

ቆጣቢና ንፉግ፣ መንታ ናቸው በመልክ፤
ልብስህን ስትሰጥ ነው፣ የሚታወቅ ልክ።

ያቺኛዋ፣ አሮጊቷ፣ እኅቴ ከጅዳ የላከቻት፣
አፏ ወደ ሰማይ ነው፤ ሆደ ሰፊ ነው የምላት።
ቧንቧው ይድረቅ እንጂ፣ በጀሪካን አጠጣት፣
መብራት ይሂድ እንጂ፣ ክዳኗን አንስቼ፣ በእጄ አገላብጣት።
የረሳሁት ካልሲ ቢኖር፣ ከፈት አርጌ ወርወር፤
አትቆጣም፣ አታፏጭ፣ በቀይ መብራት አትጽፍ ቁጥር።
ስትንጥ ሰፈሩ ይሰማል፣
«ይመር ዛሬ ያጥባል» ይባባላል።
የመጨረሻ ውሃዋ፣ ጥሩው፣ በባልዲ ወጥቶ፣
የወይዘሮ ዘሐራን በረንዳ፣ ይወለውላል ገብቶ።

አዲሷ ከእጅ አትጠጣም። «ግፊት» ትላለች፤ ግፊት!
ኮምቦልቻ ቧንቧ ውስጥ፣ ያለ ይመስል ዕለት ዕለት።
የኛ ቧንቧ ደግሞ፣ ማክሰኞ ሌሊት ነው የሚያስለው፤
ሙህዲን ጣራው ላይ ሮቶ፣ ለእሷ ብሎ ሰቀለው።
የሮቶውን ዋጋ፣ ከቁጠባው ላይ፣ ማንም አልቀነሰው።

የዒድ ዋዜማ ማታ፣ ነጭ ጀለቢያዬን ውጣ፣
ስትዞር ሳለች መብራቱ፣ ሄደ፤ ሌሊቱን አልመጣ።
በሯ ተቆልፏል። ሻማ ይዤ ብጠጋ፣
እጅጌው መስታወቱን፣ ከውስጥ ተደግፎ እንደ አልጋ፣
እስረኛ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎኝ፣ ቆየሁ እስኪነጋ።
የሙህዲንን ለበስኩ፤ አጭር ነው፤ ወጣሁ ለሶላት፤
ቁርጭምጭሚቴን ያላየ ሰው፣ አልነበረም በዚያ ዕለት።

እውነቱም ይነገር፦ ሚያዝያ ላይ ውሃ ሲጠፋ፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ቧንቧው አየር ሲተፋ፣
ከሮቶው ሥር የቀረችው፣ ለእሷ ግን በቃች፤
ሆደ ሰፊዬ አፏን ከፍታ፣ ሰማይ ሰማይ አየች።
ያን ቀን አፈርኩ።
ጥቂት።

አፍንጫዬ ግን፣ ማቅለሚያ ክፍል ያደገው፣
ከአንገትጌው ስፌት ውስጥ፣ ሳሙናውን አገኘው።
እንደ ተደበቀ ዕዳ፣ እዚያው ታጥፎ አገኘው።

ለማንም አልተናገርኩም።
ሱብሂ ሳይጠራ ተነሥቼ፣ ከገመዱ አወርደዋለሁ፣
በቆጠበችው ውሃ፣ በሳፋ አለቀልቀዋለሁ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ውሃው እስኪጠራ፤ ጨምቄ አራግፈዋለሁ፣
በዚያው መቆንጠጫ፣ በዚያው ቦታ፣ መልሼ አሰጣዋለሁ።

ፀሐይዋ የኮምቦልቻ ናት፤ ቁርስ ሳይደርስ ታደርቃለች።
ረምላ ታሸተዋለች፤ ለሙህዲን ታስነካዋለች፤
«አየህ» ትለዋለች፣ «አየህ፣ እንዴት አርጋ እንዳጠበች!»

እኔ ሻዬን አማስላለሁ፤
የተሸበሸቡ ጣቶቼን፣ ከጠረጴዛው ሥር እደብቃለሁ።