ጉድጓድ ቁጥር ዐሥራ አንድ

አቃቂ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ መረሬው አፈር ላይ፣
ዘጠኝ ዓመት ጠበቅሁ የማይሰረቅ ነገር፣ የማይታይ።
ሥራዬ ቀላል ነው። ገመዱን መልቀቅ፣
እርጥበቱ የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ፣
በመዝገብ ማስፈር። ያኔ ስልሳ ሜትር፣
ዘንድሮ ሰማንያ። ቁጥር ብቻ ነበር

እስከዚያች ሌሊት ድረስ። ወንፊቱን ሳጥብ
ከአሸዋው መሃል አንድ ነገር ሲርገበገብ፣
ጥፍር የማያህል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጣ፣
ባትሪዬን ባበራበት ዘወር ለማለት ያልቃጣ።

ሰንዳፋ ያደገ ሰው ባሕር የት ያውቃል?
ጉተማ ነው ስሙን የነገረኝ፣ ቆፋሪው፣ በወጣትነቱ አሰብ ወደብ የሠራ፤
«ሽሪምፕ ይሉታል። የባሕሩ ግን ዐይን አለው። እስቲ እየው ይሄን ሥፍራ።»
አየሁት። ልሙጥ ነው።
የተዘጋ በር አይደለም፣ በር ያልታሰበለት ግድግዳ ነው።

ስንዱ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛው ሄደች፤
በሳምንቱ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከናንተ ጉድጓድ በቀር የትም አልተገኘም» አለች።

ጉድጓድ። የጉድ ጓድ።
ዐይን የሌለው ፍጡር በውሃው ዐይን ሲኖር፣
እኛ ባለዐይኖቹ ከላይ ሆነን ስንቆፍር።

ከዚያ ወዲህ ከሜትሩ ጎን፣ ማንም ባላዘዘኝ ዓምድ፣
በእርሳስ እጽፋለሁ፦ መስከረም ሰባት። ኅዳር ሦስት። ጥር አንድ።

መብራት የጠፋ ለት ከተማው ሲያማርር
እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ ደስ ብሎኝ የማድር።
ፓምፑ ዝም። ላይም ታችም እኩል ጨለማ፤
እነሱ ለምደውታል፣ እኛ ነን የምንጮኽ፦ «ሻማ! ሻማ!»

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ያንባርቃል፦ «የኮዬ ፈረቃ ነው፣ ክፈት!»
ኮዬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዘሪቱ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቅበት፣ የኔው ቤት።
ምን ልበል? ቁልፉን እጫናለሁ።
ከእግሬ ሥር መሬቱ ሲንዘረዘር ቆሜ እሰማለሁ።
ውሃው አንድ ጣት ሲወርድ
አንድ አገር በአንድ ጣት ይጠባል፤
ለዚህ መዝገቡ ላይ ቦታ የለም።

የቤቴ ቧንቧ አፍ ላይ ሻሽ አስሬአለሁ።
ዘሪቱ ትስቃለች፦ «ደግሞ ምን ልትይዝ ነው?»
ሳልጠጣ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አነሣለሁ፤
ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የለበትም። ደስ ይለኛል
ምንም ስለሌለበት።
ከዚያ ደግሞ እፈራለሁ፣
ምንም ስለሌለበት።