ሎሚ እና ጋሻ

ቆዬ ፈጬ ገብቼ ሦስት ቀን ሳልሞላ፣
ከሸምሱ መስኮት ቆምኩ፣ ራቴን ሳልበላ።
«ሎሚ ዳቦ አለ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣
ሁለት ዳቦ ቋጥሮ፣ አንድ ሎሚ ጨምሮ፣
ፌስታሉን አቀበለኝ። «ሎሚዋ ሃያ ነው።»
ከፈልኩ። ምን ልበለው?
በእናቴ ቋንቋማ
ሎሚ ማለት ዛሬ ነው።
ዛሬን በሃያ ብር ገዝቼ፣
አራት ፎቅ በደረጃ ይዣት ወጥቼ፣
መስኮት ላይ አኖርኳት።
ቢጫዋ ጠቁሮ፣ ቆዳዋ ተኮማትሮ፣
እስክትደርቅ ድረስ ማታ ማታ አየኋት።

ስሜ ራህዋ ነው። ከመንደፈራ ነኝ።
የታክሲው ረዳት አፌን ሰምቶ
«ከየት ነሽ?» ይለኛል፤
መልሴን ሳይሰጠኝ መልሴን ይጠብቃል።
ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው፤
ከጎረቤቴ ጋር በደረጃው ወሬያችን
«ሞላ?» «አልሞላም» ነው።
ወንድሜ ከስዊድን ሲደውል ቸኩሎ፣
«ፕሮሰስሽስ?» ይላል፣ «ደህና ነሽ?» ሳይል ቀድሞ።
እኔም አላፊ ነኝ ብዬ
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መጋረጃ አልሰቀልኩም።

ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ፣ ከጤፉ ማሳ ጫፍ፣
ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣
ሰው ሁሉ «ቆርቆሮዋ ማርያም» የሚላት አለች።
ሕንፃው ገና መሠረት ነው፤
ፌሮው ዝጎ ሰማይ ሰማይ ያያል።
በሐምሌ አንድ እሑድ ከጠጠሩ ክምር ጎን ቆምኩ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ለመሄድ እንዲመቸኝ፣
እንደ እንግዳ። እኛ እንግዳን «ጋሻ» ነው የምንለው።

ቅዳሴው በግዕዝ ነበር።
ሕዝቡ ሲቀበል አፌ ቀደመኝ፤
ከአባቴ ጉልበት ስር፣ በልጅነት የለቀምኩት
ዜማው ትንሽ ዘመም አለ እንጂ
አንድም ቃል ሳይጎድል ወጣ።
ማንም አልዞረም።
በተናገርኩ ቁጥር ሲዞርብኝ የኖረው አንገት ሁሉ
ፊቱ ወደ መቅደሱ ነው።
ለካ ግዕዝ የማንም የጓዳ ቋንቋ አይደለም፤
በሱ ያለቀሰ ሕፃን፣
በሱ የተጣላ ባልና ሚስት የለም።
እዚያ ሁላችንም እንግዳ ነን፤
ሁላችንም በውሰት ልብስ ቆመናል።

ዝናቡ መጣ። ደጅ የቆምነውን ሰብስቦ አስገባን።
ጫማዬን አወለቅኩ።
ቆርቆሮው ጮኸ፣ ጮኸ፤
ሰባኪው አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም።
በኋላ ተወው። መጽሐፉን በጋቢው ሸፍኖ
እሱም እንደኛ ጣራውን አየ።
የሚያፈሰውን እየሸሸን ተጠጋጋን፣
ትከሻዬ ከማላውቃት ሴት ትከሻ ደረሰ፤
የነጠላዋን ጫፍ ጣል አደረገችብኝ።
«ትርንጎ እባላለሁ» አለች በጆሮዬ፣
«ከካዛንቺስ ተነስተን ነው የመጣን፣
አገሩን እኔም አላውቀው።»

ትርንጎ! ሎሚዬ መስኮት ላይ ደርቃለች።
ይህን የምነግረው ሰው አጥቼ
ለራሷ ነገርኳት።
ማርያም ይቅር ትበላት፣
ዝናቡ እስኪያባራ አፏን በነጠላ ይዛ ሳቀች።

የጽዋ ማኅበራቸው በሃያ አንድ ነው።
በጥቅምት ተራው እኔ ጋ ደረሰ፤
ወንበር የለኝ፣ ኩባያዬ አንድ።
ሸምሱ አሥር ዳቦ ቆጥሮ «ሎሚስ?» አለኝ፣ ጠቀሰኝ።
ሴቶቹ ኩባያ ኩባያቸውን ይዘው
እያለከለኩ አራት ፎቅ ወጡ፣
ጀሪካኖቼን ደፍተው ተቀመጡ።
ትርንጎ መጋረጃ አመጣች፣ የድሮ ቤቷን፤
ለዚህ መስኮት ረዘመ፣ መሬቱን ጠረገ።
«ይቆረጥ» አለች።
«አይ፣ እኔ እኮ አልቆይም፣ ፕሮሰስ አለኝ…»
ትንሽ ዝም አለችና
«እንግዲያው በመርፌ ቁልፍ ይያዝ» አለች፣ ያዘችው።

ስልኬ ጠራ፣ ወንድሜ ነው። «ፕሮሰስሽስ?»
«ሎሚ ጋሻ ኣለኒ» ብዬ ዘጋሁት።
«ሎሚና ጋሻ ደግሞ ምን አገናኘው?» አለች አንዷ፣
ዳቦ እያላመጠች።
ሎሚን ፈታሁላቸው፣ ዛሬ ማለት ነው ብዬ።
ጋሻን ግን
እነሱ እንደሰሙት ተውኩት።