ምን የሚታይ አለ?

ቅዳሜ ሲሆን ነው ሰዎች የሚመጡት፣
ከሚኒባስ ወርደው ወንዙን የሚያቋርጡት።
"ምን የሚታይ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ፤
ስልክ ሽቅብ ዘርግተው ኔትወርክ ይለምናሉ።
እኔ ድንች ሻጭ ነኝ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ያለሁ፤
ድንቹ በሃያ ነው፣ መንገዱን በነጻ አሳያለሁ።

ፏፏቴው በዚህ ነው፣ ቁልቋሉን ሲያልፉ፤
ነሐሴ ያገሳል፣ ሚያዝያ ላይ ግን አፉ
እንደ ጿሚ ከንፈር ደርቆ ይሰነጠቃል፤
ያኔም ቢሆን ሂዱ፣ ድንጋዩ ይበቃል።

ዋሻው ከጥዶቹ ጥቂት በስተግራ፤
ድሮ የጅብ ቤት ነበር፤ አሁን ከሌሊት ወፍ ጋራ
የፍቅረኞች ስም አድሯል፣ በከሰል የተጻፈ፤
ጅቡም ያን አንብቦ ይመስለኛል ያለፈ።

የጉርሜሳ ወፍጮ፣ ወንዙ ክርን ላይ ያለው፣
ኤሌክትሪክ መጥቶ ሥራ ፈት ካደረገው
ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጉርሜሳ ግን ገና
ጧት ጧት ይጠርገዋል፣ እጁ ለምዷልና።

ያያሉ፣ ያነሳሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ፤
"ታድላችሁ!" ብለውን ታክሲ ይሻማሉ።

ያኔ ነው የእኛ ሰዓት።

ድንቂቱ በጎቿን ጉረኖ ዘግታባቸው፣
ልጆች ጋቢ ለብሰው፣ ውሻው ተከትሏቸው፣
አፋፉ ላይ ወጥተን ተርታ እንቀመጣለን፤
አዲስ አበባን ፊት ለፊት፣ በነጻ እናያለን።

ሰፌድ ሙሉ ፍም ነው፣ ጭስ የሌለው፣ ሽታ የሌለው፤
"ያ ቀዩስ ምንድን ነው፣ ብልጭ ድርግም የሚለው?"
ትላለች ሶሬቲ። መልስ ሰጪዋ ብዙ ነው፤
አንዱ ክሬን ነው ይላል፣ ሌላው ሆስፒታል ነው።

ጉርሜሳ ግን ሩቁን ከቶ አይመለከት፣
እሱ የሚቆጥረው የዳሩን ነው መብራት፦
"ልጅ ሆኜ ኮተቤ ነበር የሚያበቃ፤
ካራ የደረሰ ዓመት ተዳረች ትልቋ፤
ለገጣፎን ሲያልፍ ሞተችብኝ እናቷ።
ዘንድሮ ማዶ ነው፤ ሬዲዮው ይሰማኛል፤
እኛ እሱን ስናይ፣ እሱም እኛን ሊያይ ወጥቷል።"

ማንም አልመለሰ። ውሻው ብቻ ጮኸ፣ ወደ መብራቱ።

ማክሰኞ ቀያሾች መጥተው ነበር እዚህ፤
ተርታ የምንቀመጥበት ድንጋይ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣
"ሰባት" ብለው ሄዱ፤ ሌላ ቃል የለም፣ እንዲህ።

"ሥዕል ነው?" አለችኝ አንዷ፣ ስልኳን እየደገነች፤
ዝም አልኳት። ቁጥሩ ላይ ተቀምጣ ተነሣች፣ ሳቀች።
ድንቿን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት፤
"ፏፏቴው በዚያ ነው፣ ሳይደርቅ ድረሺ" አልኳት።